ከስድስት ሜትር ላይ ሁለት ከሦስት ሩብ

ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ከፌስታላቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ስድስት ሜትር ነው። ለልጃቸው ቀሚስ ሊያሰፉ ነው፤ ከተረፈ ደግሞ ለራሳቸው። ሰፊው የልጅቱን ቁመት ለካና «ለእሷ ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት ይበላል» አላቸው።

«ለእኔስ ይተርፋል?»

«ሦስት ከሃያ አምስት ይተርፋል እትዬ። ለእርስዎ ግን ሦስት ተኩል ነው የሚያስፈልገው። ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ይጎድለናል።»

ይህን ሲል ጨርቁን አልለካም፣ ስልኩንም ከኪሱ አላወጣም። ጠመኔ ይዞ አጠገቡ የቆመው ተለማማጅ «ጋሼ፣ እንዴት ነው ቶሎ የደረሱበት?» ብሎ ጠየቀ። «ሁለት ከሰባ አምስት ላይ ሃያ አምስት ብትጨምርበት ሦስት ይሞላል። ከሦስት እስከ ስድስት ሦስት ነው። ሃያ አምስቷን አትርሳ፤ ሦስት ከሃያ አምስት» አለና መቀሱን አነሳ።

ይኸው ሒሳብ በአምስተኛ ክፍል ደብተር ላይ ሲሰፍር መልኩ ይለወጣል። «6 ሜትር ጨርቅ ነበረ። 2 3/4 ሜትሩ ለቀሚስ ተቆረጠ። ስንት ሜትር ቀረ?» ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር የአንድ ሜትር ሦስት አራተኛ ስለሆነ ቁጥሩ ምንም አልተለወጠም። ሰፊው በአንድ ትንፋሽ የጨረሰው ነገር ግን ወረቀት ላይ ሲመጣ ጎበዝ የሚባሉትን ልጆች ሳይቀር ያደናቅፋል። መምህራን ይህን ዓይነቱን ጥያቄ «ከሙሉ ቁጥር ላይ ድብልቅ ቁጥር መቀነስ» ይሉታል። ድብልቅ ቁጥር ማለት እንደ 2 3/4 ያለ፣ ሙሉ ቁጥርንና ክፍልፋይን አብሮ የያዘ ቁጥር ነው። የሚቀነስበት ቁጥር ግን ክፍልፋይ የለውም፤ ችግሩም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት በሚሰጥበት አንድ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጆች ይህንኑ ጥያቄ ሲሠሩ አየሁ። መምህርቷ ደብተር ለደብተር እየዞረች ከተመለከተች በኋላ ማንንም ሳትነቅፍ ሦስት መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ 4 3/4፣ 4 1/4፣ 3 1/4። «ሦስት መልስ አለን፣ ጨርቁ ግን አንድ ነው። እስቲ የተቆረጠውንና የቀረውን መልሰን እንቀጥለው» አለቻቸው።

የመጀመሪያውን ደመሩ። 4 3/4 ላይ 2 3/4 ሲጨመር 7 2/4፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ሆነ። «ቲቸር፣ ጨርቁ አደገ!» አለ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሁለተኛውን ሲደምሩ ሰባት ሜትር ሞላ። እሱም አድጓል። ሦስተኛው ብቻ ስድስት መጣ።

በእኔ እምነት በዚያች ክፍል ከታየው ሁሉ ዋናው ነገር ይህ የማጣራት ሥራ ነው። ልጆቹ የትኛው መልስ ትክክል እንደሆነ ከመምህርቷ አፍ አልጠበቁም፤ ከጨርቁ አወቁት። መምህርቷ ግን በዚህ አላበቃችም። የተሳሳቱት ሁለት መልሶች ከየት እንደመጡ ጠየቀች።

4 3/4 የጻፈችው ልጅ «ከስድስት ላይ ሁለት ቀነስኩ፣ አራት ሆነ። ሦስት አራተኛው የሚቀነስበት የለውም፣ ስለዚህ አወረድኩት» አለች። ይህ የግድየለሽ ልጅ አነጋገር አይደለም። 6 ላይ 2 3/4 ስንደምር 8 3/4 ይሆናል፤ ክፍልፋዩ በቀጥታ ይወርዳል፣ ትክክልም ነው። ከ6 3/4 ላይ 2 ስንቀንስ 4 3/4 ይሆናል፤ እዚያም ክፍልፋዩ በቀጥታ ይወርዳል፣ ትክክልም ነው። ልጅቷ ሁለት ቦታ የሠራላትን ነገር ሦስተኛ ቦታ ይዛው መጣች። «ተሳስተሻል» ብቻ ብንላት ትክክል የነበሩትን ሁለቱንም ቦታዎች እንድትጠራጠር እናደርጋታለን። ሊነገራት የሚገባው በሦስተኛው ቦታ ምን እንደተለወጠ ነው። እዚህ ሦስት አራተኛው ተቆርጦ የሚሄድ ነው። «አወረድኩት» ስትል መሄድ የነበረበትን እቤት አስቀረችው።

4 1/4 የጻፈው ልጅ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። አንድ ሙሉ አራት አራተኛ መሆኑን ያውቃል። ከ4/4 ላይ 3/4 ቀንሶ 1/4 አገኘ። ከዚያ ከ6 ላይ 2 ቀንሶ 4 አለ። ያችን አራት አራተኛ ከየት አመጣት? ከስድስቱ ሜትር አንዱን ቆርጦ ነበር ማምጣት የነበረበት፤ ስድስቱ ግን ስድስት እንደሆነ ቀረ። የመቶ ብር ኖት ዘርዝሮ ዝርዝሩን ኪሱ የከተተ ሰው መቶ ብሩንም አብሮ ሊይዝ አይችልም። ኖቱ ለዘረዘረው ሰው ተሰጥቷል። ልጁ ግን ዝርዝሩንም ኖቱንም ቆጠረ።

መዘርዘር የሚለው ቃል ለዚህ ሒሳብ እጅግ ይመቻል። በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ «መበደር» እንላለን፤ የተበደረ ሰው ደግሞ መመለስ አለበት ብሎ የሚያስብ ልጅ ገጥሞኛል። እዚህ የሚመለስ ነገር የለም። ከስድስቱ ሙሉ አንዱን እንዘረዝረዋለን፣ አምስት ሙሉና አራት አራተኛ ይሆናል። ስድስቱ አልቀነሰም፣ አልጨመረም፤ አያያዙ ብቻ ተለወጠ። 6 ማለት 5 4/4 ነው። ከአምስቱ ሁለት ሲነሳ ሦስት፣ ከአራት አራተኛ ሦስት አራተኛ ሲነሳ አንድ አራተኛ። 3 1/4።

በስንት ይዘርዘር? ይህን የሚወስነው ተቀናሹ ነው። የሚነሳው በአራተኛ ከሆነ በአራተኛ፣ በስምንተኛ ከሆነ በስምንተኛ እንዘረዝራለን፤ ታህቱን፣ ማለትም የክፍልፋዩን የታች ቁጥር፣ አይቶ መወሰን ነው። ከ48 ላይ 17 5/8 ይቀነስ ቢባል 48ቱን 47 8/8 እናደርገዋለን፤ ከዚያ 30 3/8 ይመጣል።

ብዙ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ሌላ መንገድ አለ። ሁሉንም ወደ ክፍልፋይ መለወጥ ነው። 6 ማለት 24/4፣ 2 3/4 ማለት 11/4፣ ልዩነቱ 13/4፣ ተመልሶ 3 1/4። ስህተት የለበትም። ለትናንሽ ቁጥሮችም ይሠራል። ግን ከላይ ያለውን 48 በዚህ መንገድ ይሞክሩት። 384/8 ሲቀነስ 141/8፣ 243/8 ይመጣል፤ ያንን ደግሞ ለስምንት አካፍሎ ወደ 30 3/8 መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ በዚህ ሁሉ ማባዛትና ማካፈል መካከል ምን ያህል ጨርቅ እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደተቆረጠ ከሐሳቡ ይጠፋበታል። ስለዚህ ይህ መንገድ ብቸኛው ሆኖ ሲሰጥ አልወድም። ሁለተኛ መንገድ ሆኖ ለማመሳከሪያ ቢቀመጥ ይሻላል።

የሽሮ ሜዳው ሰፊ የተጠቀመበት ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ ቀንሶ ሳይሆን ሞልቶ። ከ2 3/4 ተነስቶ ሩብ ጨምሮ ሦስት ደረሰ፣ ከዚያ ሦስት ጨምሮ ስድስት። የተጨመረው ሲደመር መልሱ ነው። ለባለ ሱቅም፣ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ብሎ ሰዓት ለሚናገር ሰው ሁሉ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ይቀራል፤ «በመጽሐፉ መንገድ ሥራ» ይባላል። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። የልጁ እናት ገበያ ላይ፣ አባቱ ሥራ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚሠሩበትን መንገድ ልጁ ሰሌዳ ላይ ቢያየው ሒሳብ ከቤቱ የራቀ ነገር አይመስለውም።

ይህ የመሙላት መንገድ ደግሞ ቆየት ያለ ዘር አለው። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የሪንድ ፓፒረስ የሚባለው የግብፅ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሞሴ በተባለ ጸሐፊ እጅ የተገለበጠ ነው። በውስጡ ካሉት ጥያቄዎች 21ኛው «2/3 እና 1/15ን አንድ እስኪሞላ ምን እንጨምርበት?» ዓይነት ነው። ጸሐፊው ነገሩን ወደ አሥራ አምስተኛ ያመጣዋል። አሥርና አንድ አሥራ አንድ፣ አሥራ አምስት ለመሙላት አራት ይጎድላል። አራት አሥራ አምስተኛ በግብፃውያን አጻጻፍ 1/5 እና 1/15 ነው። ከአንድ ሙሉ ላይ መቀነስ ማለት ነው፤ የሠሩት ግን በመሙላት ነው።

የእኛም ሊቃውንት ይህን ሒሳብ በሚገባ ያውቁታል። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የበዓላት ቀመር የተማረ ሰው አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በታች ሣልሲት፣ ራብዒት እያለ ይወርዳል። የጨረቃ አንድ ወር፣ ደቃቁን ትተን፣ 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ነው። ሠላሳ ቀን ካለው የእኛ ወር በስንት ያንሳል? ከ30 ላይ ይቀነስ። ሠላሳው ሙሉ ነው፤ ኬክሮስም ካልዒትም የለውም። አንዱን ዕለት እንዘርዝር፣ 29 ዕለት ከ60 ኬክሮስ ይሆናል። ካልዒት አሁንም የለም። ከኬክሮሱ አንዱን እንደገና እንዘርዝር፣ 29 ዕለት ከ59 ኬክሮስ ከ60 ካልዒት። አሁን ይነሳል። 28 ኬክሮስ ከ10 ካልዒት ይቀራል። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነውና ይህ ወደ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይጠጋል።

ዓመቱንም እንዲሁ ማየት ይቻላል። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ፣ የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ብለን ብንወስድ ከ15 ላይ 22 አይነሳም። ከዕለቱ አንዱ ይዘረዘርና 364 ዕለት ከ75 ኬክሮስ ይሆናል፤ ልዩነቱ 10 ዕለት ከ53 ኬክሮስ። ለአሥራ አንድ ትንሽ የጎደለ ነው። በየዓመቱ የበዓላትን ቀመር ስናወጣ የምንሰማው አሥራ አንዱ አበቅቴ ይህ ልዩነት ሲሞላ ነው፤ ሌላው የቀመሩ ቁጥር ከሆነው ከ19ኙ መጥቅዕ ጋር ሠላሳ ይሞላል። ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ ደረሰው የሚባለው ይህ ቀመር በአብነት ትምህርት ቤት በቃል ሲወርድ ኖሯል። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ 6ን 5 4/4 ሲያደርግ ያው የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሚሠራውን እየሠራ ነው፤ ልዩነቱ በስንት መዘርዘሩ ብቻ ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ፤ ቁጥሩ ከተገራ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ችግር ንባብ ነውና። መምህርቷ በቀጣዩ ሰዓት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ጻፈች።

«ቤት ውስጥ 20 ኪሎ ጤፍ ነበረ። 1/4 ኪሎው ተፈጨ። ስንት ቀረ?»

«ቤት ውስጥ 20 ኪሎ ጤፍ ነበረ። 1/4ኛው ተፈጨ። ስንት ቀረ?»

ግማሹ ክፍል ለሁለቱም አንድ መልስ ጻፈ። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። በመጀመሪያው የተፈጨው ሩብ ኪሎ ብቻ ነው፣ 19 3/4 ኪሎ ይቀራል። በሁለተኛው የሃያው አንድ አራተኛ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተፈጭቷል፣ 15 ይቀራል። «ሩብ ኪሎ ጤፍ የሚያስፈጭ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች አንዷ ልጅ፤ መምህርቷም «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡን ከመሥራታችሁ በፊት እንዲህ ጠይቁ» አለቻት። ክፍልፋዩ የምን ክፍልፋይ ነው? የሜትሩ ነው ወይስ የጨርቁ? ይህን ሳይለይ እርሳስ ያነሳ ልጅ ቅነሳውን በሚገባ ቢሠራም መልሱን አያገኝም።

ብዙ አስጠኚዎች ለልጆች የሚሰጡት አቋራጭም ጉዳት አለው። «ቀረ ካለ ቀንስ፣ በጠቅላላ ካለ ደምር» ይባላል። እስቲ ይህን ይመልከቱ። «ከአንድ ጣቃ ላይ 2 3/4 ሜትር ተቆርጦ 3 1/4 ሜትር ቀረ። መጀመሪያ ስንት ሜትር ነበረ?» «ቀረ» የሚል ቃል አለው፤ የሚሠራው ግን በመደመር ነው። ደግሞ ይህን። «አንዲት ልጅ 8 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባት። እስካሁን 5 2/3 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ስምንቱን ለመሙላት ስንት ይጎድላታል?» ከዚህ ላይ ማንም አልቆረጠም፣ ማንም አልወሰደም፤ የሚሠራው ግን በመቀነስ ነው። 8ን 7 3/3 አድርገን 2 1/3 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። «እስከ» እና «ይጎድላል» የሚሉት ጥያቄዎች ለልጅ ከ«ተቆረጠ» ይከብዳሉ፤ የሚጠፋ ነገር ስለማይታይባቸው። እነዚህን በመሙላት መንገድ ማስጀመር ይቀላል። ቃል እየለቀሙ ከመሄድ አንድ መስመር ማስመር ይሻላል። መስመሩ ሙሉው ነው፣ የታወቀው ክፍል ይጠቆራል፣ ቀሪው የሚፈለገው ነው። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ከሁሉ በፊት ጥያቄውን መረዳትን አስቀድሟል፤ ሥዕል መሣልንም ይመክራል።

ሁለት ጊዜ የሚቀነስበት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። 10 ሜትር ጨርቅ አለ፤ 2 3/4 ሜትር ለአንዱ፣ 3 1/2 ሜትር ለሌላው ተቆረጠ። አንድ በአንድ መቀነስ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ መዘርዘር ግን ለስህተት ያጋልጣል። የሚቆረጠውን መጀመሪያ መደመር ይቀላል። 3 1/2ን 3 2/4 ብለን ስንደምር 5 5/4፣ ማለትም 6 1/4። ከ10 ላይ ሲነሳ 3 3/4። ለሦስተኛ ልብስ አራት ሜትር ካስፈለገ ሩብ ይጎድላል። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሒሳቡን ጨርሶ ከማስመር የበለጠ ዋጋ አለው ባይ ነኝ። የጠየቁት እናት ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ነውና።

መገመት የሚባለውን ነገርም ቸል ብለነዋል። በአሜሪካ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና እ.ኤ.አ. በ1978 ለ13 ዓመት ልጆች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ወደ ስንት ይጠጋል? ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ሁለቱም ክፍልፋዮች ለአንድ ጥቂት የጎደሉ ናቸውና መልሱ 2 ነው። ይህን የመረጡት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ላዕሎቹን ወይም ታህቶቹን ደምረው 19 ወይም 21 አሉ። እነዚህ ልጆች መደመር አያቅታቸውም፤ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ አላዩትም። በእኛም ጥያቄ እንዲሁ ነው። 2 3/4 ለሦስት ትንሽ የጎደለ ነው፤ ከስድስት ላይ ሲነሳ ከሦስት ትንሽ የሚበልጥ መቅረት አለበት። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ልጅ 4 3/4 ደብተሩ ላይ ሲያይ እጁ ይቆማል።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችንንም ይነካል። እዚያ ልጆቹ የሚለኩት በኢንችና በኩባያ ነው፤ ኢንቹ ደግሞ በግማሽ፣ በአራተኛ፣ በስምንተኛ፣ በአሥራ ስድስተኛ ይከፈላል። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሥራ ላይ የዋለው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መለኪያ ታህታቸው አንድ የሆነ ድብልቅ ቁጥሮችን መቀነስ በአራተኛ ክፍል፣ ታህታቸው የተለያየውን በአምስተኛ ክፍል ያስተምራል። ማታ ልጁ «36 ኢንች ጣውላ ነበረ፣ 14 5/8 ኢንች ተቆረጠ» የሚል ጥያቄ ሲያመጣ፣ በሜትርና በኪሎ ያደጉ ወላጆች እንግሊዝኛውም መለኪያውም እንግዳ ሆኖባቸው ወደ ኋላ ይላሉ። ማለት የለባቸውም። ያች ጣውላ 35 8/8 ኢንች ናት፤ 21 3/8 ይቀራል። አሠራሩ እነሱ በአማርኛ የተማሩት ነው፣ በአማርኛም ሊያስረዱት ይችላሉ።

አዲስ አበባም ሆነ ሜሪላንድ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ እርሳሱን ከመያዙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ሙሉው ስንት ነው? ክፍልፋዩ የምን ክፍልፋይ ነው? መልሱ በየትኞቹ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች መካከል ይወድቃል? ሠርቶ ሲጨርስም የቀረውን ከተቆረጠው ጋር ደምሮ ያሳያችሁ። መምህራንም ልጁ በመሙላት መንገድ ከመጣ መልሱን አትሰርዙበት፤ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ለጓደኞቹ ያስረዳ።